ለራስ ሲቆርሱ፦ መንግሥታት እስረኛ ሲፈቱ የሚይዙት ሁለት ሚዛን

ፒክአፑ የቆመው ኾስት በተባለው የአፍጋኒስታን ክፍለ ሀገር፣ ደረቅ ሜዳ ላይ ነው። ከኋላ ራሱን የተላጨ፣ የአገሬውን ነጭ ልብስ የለበሰ ወጣት ተቀምጧል፤ ብርሃን እንደበዛበት ሰው ዓይኖቹን ደጋግሞ ያርገበግባል። አንድ ታጣቂ እንጨት ላይ የታሰረ ነጭ ጨርቅ ይዟል። ሄሊኮፕተር አቧራውን እያስነሣ ያርፋል፤ ጥቂት ሰዎች ፈጠን ብለው ይወርዳሉ፣ ከታሊባን ታጣቂዎች ጋር ይጨባበጣሉ፣ ወጣቱን ይቀበላሉ፣ ከማሳፈራቸውም በፊት ሰውነቱን ይፈትሻሉ። ርክክቡ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ታሊባን ራሱ ቀርፆ ባሰራጨው ቪዲዮ ላይ የሚታየው ይህ ነው። ቀኑ ሜይ 31 ቀን 2014 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ ወጣቱ ቦው በርግዳል ይባላል፤ አምስት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው ከምርኮ የወጣ የአሜሪካ ወታደር ነው።

በእርሱ ምትክ አምስት የታሊባን አመራሮች አሜሪካ ኩባ ውስጥ ካላት የጓንታናሞ እስር ቤት ወጥተው ወደ ኳታር ተወሰዱ። ልጃቸውን አምስት ዓመት ለጠበቁ እናትና አባት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም፤ እኔም በዚያ ደስታ ላይ ልፈርድ አልተነሣሁም። የማነሣው ከዚያ ቀን በፊት የነበሩትን አሥር ወራት ነው። በእነዚያ አሥር ወራት ውስጥ አንድ መንግሥት፣ የአሜሪካው፣ ያውም አንድ ፕሬዚዳንት፣ ባራክ ኦባማ፣ «አደገኛ የተባለ እስረኛ ይፈታ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አራት የተለያዩ መልሶች ሰጥቷል። መልሶቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የውጭ ፖሊሲ ሚዛን በማን ክብደት እንደሚያዘነብል በግልጽ ይታያል።

አሥሩ ወራት

በጁላይ 2013 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪ ተቋርጦ የነበረውን የእስራኤልና የፍልስጤም ድርድር እንደገና ለማስጀመር ላይ ታች ይሉ ነበር። ከተገኙት ስምምነቶች አንዱ እስራኤል ከፍልስጤማውያን ጋር ከተፈራረመችው የ1993ቱ የኦስሎ ስምምነት በፊት ያሰረቻቸውን 104 ሰዎች በአራት ዙር እንድትፈታ የሚል ነው። የእስራኤል ካቢኔ ጉዳዩን በ13 ድጋፍ፣ በ7 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀው። ከእስረኞቹ ብዙዎቹ በነፍስ ግድያ ተከሰው፣ ተፈርዶባቸው፣ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ የታሰሩ ናቸው። ለፍልስጤማውያን ደግሞ እነዚህ ሰዎች ከወረራ ጋር ሲታገሉ የታሰሩ፣ ኦስሎ ሲፈረም መፈታት የነበረባቸው አባቶችና ወንድሞች ናቸው። አሜሪካ እርምጃውን ለሰላም የሚከፈል ከባድ ዋጋ ብላ ደገፈችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ለእውነት አልታመንም። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ የሰፈራ ግንባታን ከማቆም ይልቅ እስረኛ መፍታትን እንደመረጡ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ግፊቱ ከዋሽንግተን ቢመጣም ምርጫው የኢየሩሳሌም ነበር። ሟች ያላቸው ቤተሰቦች ግን በሁለቱም ስሌት ውስጥ አልነበሩም። የእስራኤል እስር ቤቶች አስተዳደር ስም ዝርዝሩን ያወጣል፤ ቤተሰብ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤቱታ የሚያቀርብበት 48 ሰዓት ይሰጠዋል፤ ፍርድ ቤቱ «ጉዳዩ የመንግሥት የፖለቲካ ውሳኔ ነው» ብሎ አቤቱታውን ይመልሰዋል፤ ከዚያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪናዎቹ ይንቀሳቀሳሉ። በኦገስት፣ በኦክቶበርና በዲሴምበር 26፣ 26 እየሆኑ 78 ሰዎች ወጡ።

ዓመቱ ተለወጠ። በጃንዋሪ 27 ቀን 2014 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 2133ን በሙሉ ድምፅ አሳለፈ። ውሳኔው አገሮች ሰው አግተው ለሚደራደሩ አሸባሪዎች የገንዘብ ቤዛ ወይም የፖለቲካ ጥቅም እንዳይደርሳቸው እንዲከላከሉ ይጠይቃል። አሜሪካም እጇን አውጥታለች።

ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 13፣ የአፍጋኒስታኑ ፕሬዚዳንት የሐሚድ ካርዛይ መንግሥት ባግራም ከሚገኘው እስር ቤት 65 ሰዎችን ፈታ። አሜሪካ እስር ቤቱን ለአፍጋኒስታን ያስረከበችው ከአንድ ዓመት በፊት ነው። የአፍጋኒስታን ባለሥልጣናት መዝገቦቹን መርምረው «ለክስ የሚበቃ ማስረጃ የለም» አሉ። የአሜሪካ ጦር ተቆጣ፤ እነዚህ ሰዎች ወታደሮቻችንንና የአፍጋን ዜጎችን በገደሉ ጥቃቶች ውስጥ እጃቸው አለበት፣ ወደ ውጊያ ይመለሳሉ ሲል መግለጫ አወጣ። የኤምባሲው ቃልም ከዚያ አልለዘበም። ካርዛይ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፦ የአፍጋን ፍትሕ አካላት እስረኛ ለመፍታት ከወሰኑ አሜሪካን አይመለከታትም።

በማርች መጨረሻ አራተኛው የእስራኤል ዙር ደረሰ። ዝርዝሩ ውስጥ የእስራኤል ዜግነት ያላቸው አረቦች ስለነበሩበት ካቢኔው አንገራገረ፤ የፍልስጤማውያኑ መሪ ማሕሙድ አባስ በበኩላቸው በኤፕሪል 1 አሥራ አምስት ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን ለመቀላቀል ፈረሙ። ድርድሩ እንዳይፈርስ ዋሽንግተን ከመሳቢያዋ ያወጣችው መደራደሪያ ጆናታን ፖላርድ ነበር።

ፖላርድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመረጃ ተንታኝ ሆኖ ለእስራኤል ሲሰልል በ1985 ተይዞ፣ በ1987 ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ነው። እስራኤል እንዲፈታላት ለዓመታት ስትለምን ኖራለች። በ1998 በዋይ ሪቨር በተካሄደው የእስራኤልና የፍልስጤም ድርድር ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ነገሩን ሊያስቡበት ሲሉ የሲአይኤ ዳይሬክተር ጆርጅ ቴኔት «ከተፈታ ሥራዬን እለቃለሁ» ብለው አስጠነቀቁ፤ ሐሳቡም እዚያው ቀረ። በ2014ም አልተሳካም። ፖላርድ የወጣው በኖቬምበር 2015፣ ሠላሳ ዓመቱን ጨርሶ፣ በአመክሮ ነው። ያስከተለው ጉዳት ቀላል ነበር አልልም። የምለው ይህን ነው፦ አሜሪካ ወዳጇ ለሆነ አገር የሰለለ አንድ ሰው ስትጠየቅ የአንድ የስለላ ሹም ተቃውሞ በሩን ለመዝጋት በቃ። በሌላ አገር የተፈረደባቸው ነፍሰ ገዳዮች ሲሆኑ ግን የሟች ቤተሰብ፣ የጸጥታ ሹም፣ የተቃወመ ሚኒስትር ሁሉ «ለሰላም ሲባል» እንዲችሉት ተመከሩ።

ከዚያ ኾስት መጣ። ጓንታናሞ ካለው ሰው አንድ እንኳ ከመዛወሩ 30 ቀን በፊት ለአሜሪካ ምክር ቤት (ለኮንግረሱ) ይነገር የሚለው ሕግ ሳይከበር አምስቱ ወጡ፤ የመንግሥት ወጪና አሠራር መርማሪው መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ «ሕግ ተጥሷል» ሲል አስታወቀ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል የእኛ ሰው።

ስሙ ሲለወጥ ሕጉም ይለወጣል

«የጸጥታ እስረኛ» የሚለው ቃል በዓለም አቀፍ ሕግ የታወቀ ትርጉም የለውም። አሳሪው በመዝገቡ ላይ የሚለጥፈው ስም ነው። በዚያ ስም ሥር እጅግ የተለያዩ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይገኛሉ፣ የሙግቱ ግማሽ የሚመጣውም እነርሱን ከመደባለቅ ነው።

አንደኛው የጦር ምርኮኛ ነው። የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 118 ውጊያው እንዳበቃ ምርኮኛ ሳይውል ሳያድር ተለቅቆ ወደ አገሩ ይመለስ ይላል። እርሱን መፍታት ውለታ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ሁለተኛው በፍርድ ቤት ተከሶ የተፈረደበት ነው፤ ይህን ሰው ለመፍታት ይቅርታ ወይም ምሕረት ያስፈልጋል። ይቅርታ ቅጣቱን ያነሣል፤ ምሕረት ወንጀሉንም እንዳልነበረ ያደርገዋል። የ1977ቱ ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ ሥልጣን የያዙት በተቻለ መጠን ሰፊ ምሕረት ለመስጠት እንዲጥሩ ያበረታታል፤ የጦር ወንጀል የፈጸሙ ግን በዚህ ውስጥ እንደማይገቡ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያስረዳል። ሦስተኛው ያለ ክስና ያለ ፍርድ የተያዘ ነው። በእስራኤል አስተዳደራዊ እስር የሚባለው ለስድስት ወር ይታዘዛል፣ ሲያልቅም ሊታደስ ይችላል። ጓንታናሞ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ ወደ 780 የሚጠጉ ሰዎች ያለፉበት ነው፤ ጥቂቶቹ ብቻ ፍርድ አይተዋል።

የኦባማ አስተዳደር ለበርግዳል ልውውጥ ያቀረበው መከላከያ እዚህ ላይ ይቆማል። በርግዳል ታጋች አይደለም፣ የጦር ምርኮኛ ነው አለ፤ ስለዚህ «ከአሸባሪ ጋር አንደራደርም» የሚለው መርሕ አልተነካም። አምስቱም አልተፈረደባቸውም፤ ጦርነቱ ሲያልቅ መለቀቃቸው አይቀርም ነበር። ይህ ክርክር ተራ ማምለጫ አይደለም። ከ104ቱ የእስራኤል እስረኞች ጋር የሚያለያቸው ነገርም እውነተኛ ነው።

ነገር ግን ይህንኑ ክርክር ይዘን ወደ ባግራም እንመለስ። እነዚያ 65 ሰዎችም አልተፈረደባቸውም። ያለ ክስ ነበር የተያዙት። ያልተፈረደበትን ሰው መልቀቅ ቀላል ከሆነ፣ ካርዛይ ያደረጉት ከሁሉ የቀለለው ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ግን በብርቱ የተወገዘው እርሱ ሆነ። የሕጉን መስመር ተከትለን ስንሄድ ክርክሩ የሚበጠሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ጥያቄው «እስረኛው ምን አደረገ?» መሆኑ ይቀርና «የማንን ሰው ነካ?» ይሆናል።

ከአሸባሪ ጋር አለመደራደር የሚለው ቃል ራሱ ደም የፈሰሰበት ታሪክ አለው። በማርች 1973 ጥቁር መስከረም የተባለው የፍልስጤም ታጣቂ ቡድን ካርቱም የሚገኘውን የሳዑዲ ኤምባሲ ይዞ ዲፕሎማቶችን አገተ። ይፈቱልን ካላቸው እስረኞች አንዱ የሮበርት ኬኔዲ ገዳይ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን «ለማስፈራሪያ አንከፍልም» አሉ፤ የአሜሪካው አምባሳደር፣ ምክትላቸውና አንድ የቤልጅየም ዲፕሎማት ተገደሉ። ሱዳን ገዳዮቹን ፈርዳባቸው ብዙም ሳትቆይ ለፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት አሳልፋ ስትሰጣቸው ዋሽንግተን በቁጣ አምባሳደሯን ጠራች። ያን ቁጣ እረዳዋለሁ። እረዳዋለሁ ስል ግን ያው ቁጣ በሌላው ቤት ሲነሣ «ታገሡ» ተብሎ መመለሱን እያሰብኩ ነው።

በኦገስት 2009ም እንዲሁ ሆነ። የስኮትላንድ የፍትሕ ሚኒስትር ኬኒ ማካስኪል በሎከርቢው የአውሮፕላን ፍንዳታ የተፈረደበትን አብደልባሰጥ አል መግራሂን በካንሰር ሊሞት ነው በሚል በርኅራኄ ፈቱት። በ1988ቱ ፍንዳታ 270 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱ 190ው አሜሪካውያን ናቸው። የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ሮበርት ሙለር ውሳኔው የሕግ የበላይነትን መሳለቂያ ያደርጋል ብለው ለማካስኪል በይፋ ጻፉ። ሦስት ወር ይኖራል የተባለው ሰው ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በሜይ 2012 ሞተ። የአሜሪካ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ ይንገበገባሉ፣ ልክ ናቸው። አራት ዓመት ቆይቶ ያው የአሜሪካ መንግሥት ለእስራኤላውያን ቤተሰቦች ያቀረበው ርኅራኄ እንኳ አልነበረም፤ የድርድር መርሐ ግብር ነበር።

ይህ የአሜሪካ በሽታ ብቻ አይደለም

ያመመው ሁሉ ዋሽንግተን ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እስራኤል በ1985 ለሦስት ወታደሮች 1,150 እስረኞችን ሰጥታለች፤ በኋላ ሐማስን የመሠረቱት ሼክ አሕመድ ያሲን ከእነርሱ መካከል ነበሩ። በኦክቶበር 2011 ሐማስ ለማረከው ወታደር ለጊላድ ሻሊት 1,027 ሰዎችን ፈታች፤ አንዱ አራት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት 22 ዓመት የታሰረው ያሕያ ሲንዋር ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የኦክቶበር 7 ቀን 2023ቱን ጥቃት ከመሩት ዋነኛው እርሱ ሆነ። ስለዚህ ስኮትላንድን ወይም ጀርመንን እስረኛ ፈታችሁ ብሎ ለመክሰስ የእስራኤል መንግሥት ምቹ ቦታ ላይ አይቆምም።

ጀርመንን ካነሣሁ፣ በኦገስት 1 ቀን 2024 አንካራ ላይ ሩሲያና ምዕራባውያን አገሮች 24 እስረኞችን የተለዋወጡበትን ቀን ልጥቀስ። ሩሲያ አጥብቃ የፈለገችው ቫዲም ክራሲኮቭን ነበር። በ2019 በርሊን መናፈሻ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው በጥይት ገድሎ፣ በ2021 ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ግድያው በሩሲያ መንግሥት ትእዛዝ እንደተፈጸመ አረጋግጧል። ጋዜጠኛው ኢቫን ገርሽኮቪችና ሌሎች አሜሪካውያን እንዲወጡ ቁልፉ በጀርመን እጅ ነበር። ጀርመን ብዙ ካመነታች በኋላ ለቀቀችው። ሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ፕሬዚዳንት ፑቲን አቀፉት። በምላሹ የወጡት ሰዎች ንጹሓን ናቸው፣ በመውጣታቸውም ደስ ይለኛል። ግን አሠራሩ ያው ነው፤ የአንዱ አገር ዜጋ ከሌላው አገር ካዝና በወጣ ፍትሕ ተገዛ።

መሪዎች ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይመስለኝም። የታጋች ፊት በቴሌቪዥን ይታያል፣ እናቱ ስም አላት፣ በየሳምንቱ ትደውላለች። በሚፈታው ሰው ነገ የሚሞተው ግን ገና ስም የለውም። ትናንት የሞተው ደግሞ መልሶ አይመጣም። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ሕያው ሰው ከማይታዩት ሁሉ ይከብዳል፣ ሰው ሆኖ እንዳይከብድ ማድረግም አይቻልም። ክፋቱ የሚጀምረው ይህን ድካም ለራስ ብቻ ፈቅዶ ሌላውን ሲነፍጉ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይሄኔ ነው።

ያለ ሁለት ሚዛን የተሠራ ነገር የለም ወይ ለሚል፣ ሰሜን አየርላንድን እጠቅሳለሁ። የኤፕሪል 1998ቱ ስምምነት በሁለቱም ወገን የነበሩ ታጣቂ እስረኞች በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲወጡ አደረገ፤ ከ400 በላይ ወጡ። ከእነርሱ መካከል ብዙ ሰው የገደሉ ነበሩ፤ የሟች ወገኖች ሐዘን ዛሬም አልበረደም። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ድርጅቱ ተኩስ ያላቆመ እስረኛ አይፈታም። የተፈታው ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ወደ ዐመፅ ከተመለሰ ፈቃዱ ተነጥቆ ወደ እስር ይመለሳል። ሕጉ ለሁለቱም ወገን አንድ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ሕዝብ ራሱ በሜይ 22 ድምፅ ሰጥቶበት 71 በመቶው እሺ አለ። «እሺ» ያለው ሟች ያለው አገር ነው። ድርድሩን የመሩት ሴናተር ጆርጅ ሚቸል አሜሪካዊ ስለነበሩ፣ ዋሽንግተን ይህን መንገድ አታውቀውም ለማለት አይቻልም።

እንግዲህ ቀጣዩ ልውውጥ በዜና ሲነገር፣ የሚፈታው ሰው ምን ያህል አደገኛ ነው ከሚለው ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቁልፉ በማን እጅ ነው? የሚወጣው የማን ዜጋ ነው? የሞተው የማን ነው? ሦስቱም መልስ አንድ አገር ከሆነ፣ ያ አገር ከገዛ ራሱ ጋር እየታገለ ነው፤ ልናዝንለት ይገባል። ሦስቱ ሦስት ቦታ ከተበታተኑ ግን አንዱ በሌላው ደም እየተደራደረ ነው።

በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ዶሃ ላይ የተፈረመው ወረቀት እንዲህ የተበታተነ ነው። የፈረሙት አሜሪካና ታሊባን ናቸው። ይፈታሉ የተባሉት እስከ 5,000 የሚደርሱ የታሊባን እስረኞች ግን በአፍጋኒስታን መንግሥት እጅ ነበሩ፣ እርሱ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ከታሊባን ተደራዳሪዎች መካከል ግን ከስድስት ዓመት በፊት በበርግዳል የተለወጡት አምስቱ ሰዎች ነበሩበት። የአፍጋኒስታኑ ፕሬዚዳንት አሽራፍ ጋኒ በማግስቱ «እኛ እንዲህ ያለ ቃል አልገባንም» አሉ። ተገፉ፣ ቀስ በቀስ ፈቱ፣ የሚፈታው ሁሉ ወደ ውጊያ ላለመመለስ በጽሑፍ ቃል እንዲገባ አዘዙ። በስድስት ዓመት ውስጥ የአሜሪካ መልስ ከጫፍ ጫፍ ዞሯል፦ በ2014 ካቡል 65 ሰው በመፍታቷ ተወገዘች፣ በ2020 5,000 ባለመፍታቷ ተነቀፈች።

መጨረሻ ላይ 400 ሰዎች ቀሩ፤ ከባድ ወንጀል ያለባቸው ናቸው። ጋኒ ብቻቸውን አልፈርምም ብለው በኦገስት ታላቁን የሽማግሌዎች ጉባኤ ጠሩ፣ ጉባኤውም ይፈቱ አለ። ይህን ጊዜ ፈረንሳይና አውስትራሊያ ተነሡ። ከ400ዎቹ ጥቂቶቹ በ2003 የፈረንሳይ ዜጋ የሆነች የረድኤት ሠራተኛን፣ በ2012 ሦስት የአውስትራሊያ ወታደሮችን የገደሉ ነበሩ። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለዚህ ጉዳይ ለዋሽንግተን አቤት አሉ። መፍትሔም ተገኘ፤ እነዚያ ጥቂቶቹ ተለይተው በአውሮፕላን ወደ ዶሃ ተወሰዱ፣ በዚያም በጥበቃ ሥር እንዲቆዩ ተደረገ።

የቀሩት፣ የገደሉት አፍጋናዊ የሆነባቸው ጭምር፣ ከፑል ኢ ቻርኪ እስር ቤት በበሩ ወጥተው ወደ ካቡል ከተማ ገቡ።